የቅርጫው መደብ እና የማርክስ መደብ

በፋሲካ ማለዳ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ የሄደ ሰው በኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ መሃል ሸራ ተነጥፎ፣ ሸራው ላይ አሥር አሥራ ሁለት የሥጋ ክምር ተደርድሮ ያያል። እያንዳንዱ ክምር መደብ ይባላል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ውይይት «የመደብ ትግል»፣ «መደብ አልባ ኅብረተሰብ» ሲባል የነበረው ያው መደብ ነው። ሁለቱም የወጡት «መደበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ለየ፣ ደለደለ፣ ለእያንዳንዱ ቦታውን ሰጠ ማለት ነው። የቅርጫው መደብ እኩል እንዲሆን ይፈለጋል። የማርክሱ መደብ ግን ጭራሽ እንዲጠፋ። ሶሻሊስቶች ስለ እኩልነት ከ200 ዓመት በላይ ያደረጉት ክርክር በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ነው።

ሶሻሊዝም ማለት «ለሁሉም እኩል ይድረሰው» ማለት ነው የሚል እምነት በደጋፊውም በነቃፊውም ዘንድ ሥር ሰድዷል። እኛ አገር ደግሞ ነገሩን በሥራ ላይ አይተነዋልና ያወቅነው ይመስለናል። ነገር ግን ከትልልቆቹ የሶሻሊዝም አሳቢዎች አብዛኞቹ የውጤትን እኩልነት እንዲሁ በደፈናው አልተቀበሉትም፤ አንዳንዶቹ አጥብቀው ተቃውመውታል። የተቃወሙበትን ምክንያት ለማየት ቅርጫውን በቅርብ ማየት ይረዳል፤ እኩል ማካፈል ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ቅርጫ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚወሰነው የሰዉ ቁጥር ነው። ከስምንት ካነሰ ክፍያው ይከብዳል፤ ከአሥራ ሁለት ካለፈ ደግሞ ጉበቱና ሻኛው ለሁሉም አይዳረስም። ገንዘቡ አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ያልከፈለ ስሙ አይጻፍም። ከዚያ በሬ የሚያውቅ ሰው ተይዞ ወደ አቃቂ ወይም ወደ ካራ ገበያ ይኬዳል፤ ሻኛው ይታያል፣ ጎኑ ይዳበሳል፣ ጥርሱ ይገለጣል። ለምሳሌ በሬው በ90,000 ብር ቢገዛና አሥር ሰው ቢገባ፣ ከአራጁ ዋጋ ሌላ ለአንድ መደብ 9,000 ብር ይደርሳል።

ከእርዱ በኋላ ያለው ድልደላ በሚዛን አይደለም፤ በዓይነት ነው። ጉበቱ አሥር ቦታ ተቆርጦ በየመደቡ ይቀመጣል። ቀጥሎ ጨጓራውና ሰንበሩ፣ ከዚያ ሽንጡ፣ ታናሹ፣ ታላቁ፣ ዳቢቱ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው፣ ሻኛው፤ በመጨረሻ ቅልጥሙና ሌላው አጥንት። ለምን በኪሎ አይሆንም? አንድ ኪሎ ሽንጥና አንድ ኪሎ የአንገት አጥንት ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ድስት ውስጥ ግን አይደሉም። ደልዳዩ አንዱን ዙር ከግራ ከጀመረ የሚቀጥለውን ከቀኝ ቢጀምር ይመረጣል፤ የዙሩ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ሁልጊዜ ያንሳልና። ሲያልቅ ሰዉ ዞሮ ያያል። «ይቺ ጎደለች» ይባላል፣ ከወፈረው ተነሥቶ ይጨመርባታል። ይህ ማካካሻ ተጠናቆ ሁሉም ዝም ሲል ብቻ ነው ወደ ዕጣ የሚኬደው። እያንዳንዱ ቁልፉን፣ ሳንቲሙን ወይም የእንጨት ቁራጩን ይሰጣል፤ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ በየመደቡ ላይ ይጥላል።

ቅርጫ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ማካካሻው ሳያልቅ ዕጣ ከተጣለ የጎደለበት ሰው ጎደለብኝ ማለት ያፍራል፤ ከተናገረም ስግብግብ ይባላል። ሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ መደብ ከያዙ ያቺ መደብ ደረጃው ላይ ወይም በር ላይ፣ ያለ ዕጣና ያለ ተመልካች እንደገና ትከፈላለች፤ ቅሬታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ደልዳዩ የራሱን መደብ ያለ ዕጣ ሲያነሣ ነው። ድልደላው ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አይኖርም። ቢላው በእጁ የሆነ ሰው የትኛው መደብ የእሱ እንደሚሆን ባለማወቁ ነው ቅርጫ ቅርጫ የሆነው።

እንግዲህ ከሶሻሊስቶች መካከል ይህንን ቅርጫ እንዳለ ወስደው የአገር ሥርዓት እናድርገው ያሉ ነበሩ። ራሱን ግራከስ ብሎ የሰየመው ፈረንሳዊው ባቤፍ ከነጓዶቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1796 «የእኩሎች ሴራ» የተባለውን ንቅናቄ ሲያደራጅ ሐሳቡ ሁሉም የሥራውን ፍሬ ወደ አንድ የጋራ ጎተራ እንዲያስገባና ከዚያ እኩል እንዲወስድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አንገቱ ተቀላ። ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የአየርላንዱ ተወላጅ ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾው ሶሻሊዝም ማለት ለሁሉም እኩል ገቢ ማለት ነው፣ ከዚያ ያነሰው ሌላ ነገር ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን ብዙዎች በቸልታ ያልፉታል፤ መታለፍ አልነበረበትም። ሾው ያለው ሰዎች በተፈጥሮ እኩል ናቸው አይደለም፤ ማን ምን ያህል ይገባዋል የሚለውን የሚለካ ሚዛን የለም ነው። አዋላጇ ከግንበኛው ስንት እጥፍ ትበልጣለች? ሁለት? አራት? ቁጥር የሚናገር ሁሉ ወይ ገበያው የሰጠውን ዋጋ እየደገመ ነው፣ ወይ የራሱን ወገን እየጠቀመ ነው። መለኪያ ከሌለ ደግሞ የሚቀረው እኩል መክፈል ነው።

ጠንካራ ክርክር ነው። ቅርጫው ግን ድክመቱን ያሳያል። አንድ መደብ 12 ኪሎ ቢሆንና አንዷን ባልና ሚስት ቢወስዷት ለአንድ ሰው 6 ኪሎ ይደርሳል። ስምንት ነፍስ ያለበት ቤት ሲገባ ያቺው መደብ ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ናት። መደቡ እኩል ነው፤ ገበታው አይደለም። ስንት አፍ እንዳለ ሳይጠየቅ የተሰጠ እኩል ድርሻ በር ላይ ሲደርስ እኩልነቱ ያበቃል።

ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1875 የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲ በጎታ ከተማ ሊያጸድቀው የነበረውን ፕሮግራም ሲተች ያነሣው ነጥብ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ የሥራው ፍሬ «ሳይቀነስ» ለሁሉም የኅብረተሰብ አባላት በእኩል መብት ይከፈላል ይል ነበር። ማርክስ መጀመሪያ ሳይቀነስ የሚለውን ያዘ። ከመካፈሉ በፊት ያለቀው መሣሪያ መተካት አለበት፤ ምርቱን ለማስፋፋት የሚሆን መቀመጥ አለበት፤ ለአደጋና ለተፈጥሮ ጥፋት መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ከቀሪውም ላይ ለአስተዳደር፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና፣ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ይነሣል። ይህ ሁሉ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ነው የሚካፈለው። እንደ እኔ የዚያ ጽሑፍ ተግባራዊው ክፍል ይህ ነው፤ ስለ እኩልነት የሚያወራ ሰው ከመደቡ በፊት ተቀናሹን ካልቆጠረ ገና አልጀመረም።

ቀጥሎ «እኩል መብት» የሚለውን ያዘ። ከካፒታሊዝም ማኅፀን ገና በወጣ ኅብረተሰብ ውስጥ ሰው የሚያገኘው በሠራው ልክ ነው አለ፤ ይህን ያህል ሰዓት ሠራ የሚል ማረጋገጫ ይቀበላል፣ በዚያ ልክ ከጋራ ግምጃ ቤት ይወስዳል። ማረጋገጫው ገንዘብ አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም፣ አይከማችም። እኛ አገር ይህን የሚመስለው ወንፈል ነው። ዛሬ በእኔ በሬ ያንተን ማሳ አንድ ቀን አርሳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን አንድ ቀን ታርሳለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ማርክስ እኩል መብት ለእኩል ላልሆኑ ሰዎች ሲሰጥ እኩል ያልሆነ መብት ይሆናል አለ። አንዱ ጠንካራ ነው፣ ሌላው ደካማ። አንዱ ባለትዳር ነው፣ ሌላው አይደለም። የአንዱ ልጆች ከሌላው ይበዛሉ። በአንድ መለኪያ፣ በሥራ ብቻ፣ ስንለካቸው ሌላውን ሁሉ አላየንም ማለት ነው።

ከፍ ባለው ደረጃ የሚመጣው «ከእያንዳንዱ እንደ ችሎታው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ» ነው። ቃሉን ማርክስ አልፈጠረውም፤ ከእሱ በፊት ሉዊ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ ሶሻሊስት ተጠቅሞበታል። የእኛው ምሳሌ ደቦ ነው። ስሙ ከቦታ ቦታ ቢለዋወጥም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም የታመመ ጎረቤት ሰብል ሜዳ ላይ እንዳይቀር አገሩ ሁሉ ወጥቶ ሲያጭድ ማን ስንት ነዶ አሠረ ብሎ የሚቆጥር የለም። ልብ በሉ፤ እንደ ፍላጎት መስጠት እኩል መስጠት አይደለም። ስምንት ነፍስ ያለው ቤት ከሁለቱ የበለጠ ይወስዳል፤ የስኳር ሕመምተኛው ጤነኛው የማይወስደውን መድኃኒት ይወስዳል። ማርክስን የውጤት እኩልነት ሰባኪ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ይህን ገጽ አላነበበም።

የማርክስ የትግል ባልደረባ ኤንግልስ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነበር። በዚያው በ1875 ለጓዱ ለቤብል በጻፈው ደብዳቤ «ማንኛውም ማኅበራዊና ፖለቲካዊ አለመመጣጠን ይወገድ» የሚለው ሐረግ አልጣመውም። በአገርና በአገር፣ በክፍለ ሀገርና በክፍለ ሀገር፣ እንዲያውም በቦታና በቦታ መካከል የኑሮ ልዩነት ምንጊዜም ይኖራል፤ የአልፕስ ተራራ ነዋሪ ኑሮው ከሜዳው ነዋሪ እንደተለየ ይቀጥላል አለ። በእኛ ሲመነዘር የእንጦጦ ጀርባ ብርድና የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር በአዋጅ አንድ አይሆኑም። በኋላም የሠራተኛው የእኩልነት ጥያቄ እውነተኛ ይዘቱ መደቦችን ማጥፋት ነው፣ ከዚያ ያለፈ የእኩልነት ጥያቄ ሁሉ ወደ ከንቱነት ያመራል ብሎ ጽፏል። መደብ ሲል ክምሩን ማለቱ አይደለም። ሌላው እንዲሠራለት የሚያደርግ ንብረት የያዘ አንድ ወገን፣ ለዚያ ወገን ከመሥራት በቀር አማራጭ የሌለው ሌላ ወገን፤ ይህ ክፍፍል ይጥፋ ነው ያለው። ሥጋው እንዴት ይቆረጥ ሳይሆን በሬው የማን ነው የሚል ጥያቄ ነው።

ሶቪየት ኅብረት እኩል በመክፈልና እንደ ሥራው በመክፈል መካከል ስትወዛወዝ ኖረች። ባለሥልጣን ከሠራተኛ በላይ አይከፈለው የሚለው ሐሳብ ሠራተኞች ፓሪስን ለሁለት ወር ገደማ ካስተዳደሩበት ከ1871ዱ የፓሪስ ኮሚውን የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻም የሕዝብ ኮሚሳሮች፣ ማለትም የሚኒስትሮቹ፣ የወር ደመወዝ 500 ሩብል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 100 ሩብል ጭማሪ ተብሎ ተወሰነ። ግማሹ እኩል፣ ግማሹ እንደ ፍላጎት ማለት ነው። በዓመቱ ሌኒን ለባለሙያዎች ከፍ ያለ ደመወዝ መክፈል ከኮሚውኑ መርህ ወደኋላ መመለስ መሆኑን ሳይደብቅ ተቀበለ፤ አማራጭ የለንም ብሎ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 ደግሞ ስታሊን በኢንዱስትሪ ሥራ አስኪያጆች ፊት ደመወዝን ማስተካከልን በግልጽ አወገዘ። ሩስያኛው ኡራቭኒሎቭካ ይለዋል፤ መደልደል፣ ማለሳለስ እንደማለት። ምክንያቱ የፋብሪካ ችግር ነበር፤ ሠራተኛው ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ይፈልሳል፣ ሙያ የሌለው ሙያ ለመማር የሚገፋው ነገር የለም። በ1936 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ላይ «ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው» ተብሎ ሰፈረ።

እንደ ሥራው ማለት ግን ሥራውን የሚለካ አለ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ የሾው ክርክር ተመልሶ ይመጣል። ነሐሴ 1935 ላይ ስታካኖቭ የተባለው የከሰል ቆፋሪ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን አወጣ ተብሎ ስሙ በአገሩ ሁሉ ናኘ። መደበኛው ልክ 7 ቶን ነበር። ከኋላው ግን ጣሪያው እንዳይናድ እንጨት እየተከሉ የሚከተሉት ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። ቶኑ በእሱ ስም ብቻ ተመዘገበ። ለሦስት ሰው ሥራ አንድ ስም ከተጻፈ «እንደ ሥራው» የተባለው መርህ መዝገቡ ላይ ተሰናክሏል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በደርግ ዘመን ይህ መዝገብ የገበሬው አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ሦስት ደረጃ ነበረው። በመልባ ደረጃ መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ በሬና ሞፈር ቀንበር የግል ሆኖ ይቆያል፣ አባሉ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የጓሮ መሬት ይይዛል። በወልባ በሬውም መሣሪያውም ወደ ማኅበሩ ይገባል፣ ጓሮውም ወደ 1,000 ካሬ ይወርዳል። ወላንድ የመጨረሻው ነው፤ በትራክተርና በብርጌድ የሚሠራ ትልቅ እርሻ እንዲሆን የታሰበ። ክፍፍሉ በሥራ ነጥብ ነበር። አሠራሩን በቁጥር ልሞክረው። ማኅበሩ 400 ኩንታል አገኘ እንበል፤ ዘር፣ ግብርና መጠባበቂያ 100 ኩንታል ተቀነሰ። 75 አባላት እያንዳንዳቸው በዓመቱ 800 ነጥብ ቢኖራቸው ጠቅላላው 60,000 ነው። 300 ኩንታሉ ሲካፈል አንድ ነጥብ ግማሽ ኪሎ ይሆናል፤ ለአንድ አባል አራት ኩንታል።

አሁን ነጥብ መዝጋቢው ከማንም ላለመጣላት ለሁሉም እየጨመረ 1,000 ነጥብ ቢጽፍላቸውስ? ጠቅላላው 75,000 ይሆናል፣ የአንድ ነጥብ ዋጋ ወደ 0.4 ኪሎ ይወርዳል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያው አራት ኩንታል ነው። ሁሉም ነጥቡ ጨመረ፣ ጎተራው አልጨመረም፣ ሁሉም ተጭበርብሬያለሁ ይላል። ነጥብ የሚቆጥረው የዋለውን ቀን እንጂ አረሙ ከሥሩ መነቀሉን አይደለም። በወልባ ደረጃ ደግሞ የማኅበር በሬ የማንም በሬ አይደለም፤ ማታ ጭድ አጎደላችሁበት ብሎ የሚቆጣለት የለውም። በዚያ ላይ የመንግሥቱ እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይወስድ ነበር። ስለዚህ የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው በሬና መሬቱን ለመከፋፈል ብዙ ወራት አልፈጀበትም። ይህን የእኩልነት ውድቀት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ አልስማማም። እዚያ የነበረው «እንደ ሥራው» የሚለው መርህ ነው፤ የወደቀውም ለካዩ ከሚለካው ሰው ተለይቶ፣ ዋጋውን ደግሞ ሦስተኛ ወገን ስለቆረጠው ነው።

የእኩል ድልደላው በመሬቱ ላይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ በላይ እንዳይያዝ ወሰነ። ገበሬ ማኅበራት ሲደለድሉ የቤተሰብ ብዛት ቆጠሩ፤ ከቅርጫው የተሻሉበት ይህ ነው። መሬቱን ደግሞ እንደ ሥጋው በዓይነት አካፈሉት፤ ከለሙም፣ ከለም ጠፉም፣ ከጠፉም ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ። ፍትሑ ግልጽ ነው። ዋጋው ግን የአንድ ገበሬ መሬት ሦስት አራት ቦታ መበታተኑ ነው፤ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲኳትን ጠዋቱ ያልቃል፣ ወሰኑም በየቦታው ያጣላል። በሬው ደግሞ አልተደለደለም። ጥማድ ያለውና የሌለው እኩል መሬት ሲይዙ፣ የሌለው መሬቱን ላለው ሰጥቶ ምርቱን ማካፈል ግድ ሆነበት፣ አዋጁ ቢከለክልም። የዚህ ውል ስም በአማርኛ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኩል ይባላል። የእኩል አራሽ። አንዱን ነገር እኩል አድርጎ ሌላውን መተው የሚያመጣውን ነገር ከዚህ ቃል በላይ የሚናገር የለም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ቦታ አይያዝም፣ ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ ተቀነሰ፣ ተከራዩ ከባለቤት ጭንቀት ዳነ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ማርክስ አስቀድማችሁ ቀንሱ ያለው የመጀመሪያው ተቀናሽ፣ ያረጀውን መተኪያ፣ ከዚያች ኪራይ ላይ ሊወጣ አይችልም ነበር። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጭቃው ረገፈ፣ ብዙ ቤት የቆመው በተከራዩ ጥገና ነው። እኩል የሆነ ግን እያረጀ የሚሄድ ድርሻ።

ከከተማው ዳር ያሉት ኮንዶሚኒየሞች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለቤቶቹ በ1997፣ ቀጥሎም በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ተካሄደ፤ ተመዝጋቢው በሚቆጥበውና ባንክ በሚያበድረው መቶኛ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 እየተባለ እንደ አቅም ተከፈለ። በ20/80 ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተለየ። ሁሉም እኩል ዕድል ስላለው ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቅርጫ ዕጣ የሚጣለው መደቦቹ እኩል ከሆኑ በኋላ ነው፤ ዕጣው የሚያጣራው የቀረችውን ቅንጣት ልዩነት ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም ግን ዕጣው ራሱ ነው ልዩነቱን የሚፈጥረው። እኩል የቆጠቡ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ የቤት ባለቤት ትሆናለች፣ ሌላው የእሷ ተከራይ። የዕድል እኩልነትና የውጤት እኩልነት በአንድ ቃል ተሸፍነው ሲያልፉ የሚጠፋው ይህ ነው። አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ብሎክም አለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት አራተኛ ፎቅ ቢደርሳት በካሬ ሜትር ከጎረቤቷ ጋር እኩል ናት፣ ቤት ግን የላትም።

በዚህ ነጥብ ላይ ከቅርብ ጊዜ አሳቢዎች የሚረዳኝ ጄራልድ ኮኸን ነው፤ በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረ፣ ማርክሲስት ሆኖ የጀመረ ካናዳዊ። ኮኸን ሶሻሊዝም የሚፈልገው ሰው ያልመረጠው ጉዳት ሁሉ እንዲካካስ ነው ይላል፤ ድሃ ቤት መወለድ ብቻ ሳይሆን ደካማ አካልና አነስተኛ ተሰጥኦም ጭምር። ከዚያ በኋላ አንዱ ብዙ ሠርቶ ብዙ ቢያገኝ፣ ሌላው ማረፍን መርጦ ትንሽ ቢያገኝ ችግር የለም፤ ሁለቱም የሚፈልጉትን ነው ያገኙት። ጥሩ ነው። ግን ከምርጫ በሚመጣ ልዩነት እንኳ ገደብ አስቀመጠ፤ ልዩነቱ ሰፍቶ ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ኑሮ የማያውቅበት ደረጃ ከደረሰ ማኅበሩ ፈርሷል። እድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም። የእድር መዋጮ እኩል ነው፣ አወጣጡ ግን እንደ ደረሰበት ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው ሐዘን የገባበት ደጅ ላይ ነው፣ መዋጮዬን ላስመልስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጉድለቱ በመዋጮው ወገን ነው። የመዋጮው ልክ ለጥበቃውም ለነጋዴውም አንድ ከሆነ ለጥበቃው ይከብዳል፤ እንደ ችሎታው የሚለው ግማሽ ቀርቷል።

ሌሎቹ መፍትሔዎች በመሃል ያሉ ናቸው። በስፔን ባስክ ምድር እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመሩት የሞንድራጎን ማኅበራት ከፍተኛውን ክፍያ ከዝቅተኛው በሦስት እጥፍ ወሰኑ፤ በኋላ ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ለቀቁት፣ ድምፅ ግን ለአንድ አባል አንድ ነው። በስዊድን ሬንና ማይድነር የተባሉት የሠራተኛ ማኅበራት ኢኮኖሚስቶች በ1951 ያቀረቡት ደግሞ ለተመሳሳይ ሥራ ድርጅቱ ቢያተርፍም ባያተርፍም ተመሳሳይ ክፍያ የሚል ነበር፤ መክፈል ያቃተው ይዘጋ፣ ሠራተኛው ሠልጥኖ ወደሚችለው ይሂድ። ሁለቱም የሠሩት ቁጥሩን በግልጽ ስላስቀመጡትና በእሱ ላይ የሚከራከሩት የሚከፈላቸው ሰዎች ራሳቸው ስለሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ሾው ልክ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር የለም። ቁጥሩን ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ግን መልስ አለው።

ማርክስ በዚያው የጎታ ትችት ውስጥ ስለ ክፍፍል ብቻ የሚያወራ ሶሻሊዝምን ወቅሷል። የፍጆታ ዕቃ አከፋፈል የሚከተለው የማምረቻው ነገር በማን እጅ እንዳለ ነው ብሎ። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ ትናንት ጤፍና ስንዴ የሚዘራባቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው ነበሩ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው መሬቱን አይሸጥም፤ ሲነሣ የሚከፈለው የምርቱ ካሣ ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሣው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ ተሰልቶ በአሥር ይባዛ ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በአሥራ አምስት አድርጎታል። ለውጡ ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን የሚለኩት መሬቱ ትናንት የሰጠውን ጤፍ ነው እንጂ ነገ የሚሸከመውን ብሎክ አይደለም። የእኩልነቱ አዋጅ ለገበሬው የሰጠው የመጠቀም መብት ከከተማው ጋር ሲጋጠም ወደ ተባዛ የጤፍ ዋጋ ይቀየራል፤ በመሬቱ ላይ የሚመጣው ዋጋ ለሌላ ነው። ብሩም የሚገባው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው፤ ያንን መሬት ሊያርስ የነበረው የሃያ ዓመት ልጅ በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

በበዓል ዋዜማ በእነዚህ ግቢዎች በሬ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ከዚያው አካባቢ የተነሣ ገበሬ ወይም ልጁ ነው። ገበያ ወርዶ ጎኑን ዳብሶ ይመርጣል፣ በማለዳ ያርዳል፣ ይገፋል፣ ሽንጡን ከታናሹ ለይቶ አሥር ቦታ ይደለድላል፤ ዙሩን አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየጀመረ። «ይቺ ጎደለች» ሲባልም ከየትኛው እንደሚነሣ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ የአራጅ ዋጋውን ተቀብሎ እጁን ይታጠባል። ዕጣው ሲጣል ቁልፉን የሚያወጣው ሌላ ነው፤ የእሱ ስም ዝርዝሩ ላይ የለም።